ፊደልና ሙያ በአንድ ወረቀት ላይ፦ የጎልማሶች ትምህርት በቡና አምራች አጥቢያዎች

ጥቅምት ገብቶ ቡና መቅላት ሲጀምር፣ በጅማ ዙሪያ ያለው ገበሬ እሸት ቡናውን ይዞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይወርዳል። መዛኙ ኪሎውን ይጠራል፤ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ቁራጭ ደረሰኝም ይሰጠዋል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ያንን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከመክተት በቀር ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። በጅማ ከተማም፣ በቦሳ ኪቶና በሌሎች ቀበሌዎች፣ በቡና ለቀማ ወይም በጉልት ንግድ ከሚተዳደሩት እናቶች ብዙዎቹ የሠሩትን ቀንና የሰጡትን ዱቤ የሚይዙት በቃላቸው ነው። አለመግባባት ሲነሣ ማስረጃ የሚኖረው መዝገብ የያዘው ወገን ብቻ ይሆናል።

ሰበካ ጉባኤያት ይህን ችግር ለማቃለል የጎልማሶች ትምህርት ለመክፈት ሲመክሩ ሁለት አሳብ ይቀርባል። አንዱ ወገን «መጀመሪያ ፊደል ይቁጠሩ፤ ሙያው በኋላ ይደርሳል» ይላል። ሌላው «የቸገራቸው የዕለት እንጀራ ነው፤ ሙያ ይሰጣቸው» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፣ ሁለቱ ተለያይተው ሲሰጡ ሁለቱም እንደሚደክሙና የሚጸኑትም ተማሪው በየዕለቱ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ሲገናኙ መሆኑን ነው።

በአጋሮ የተሞከረው

አሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በቴህራን የተሰበሰቡት የትምህርት ሚኒስትሮች የጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ከሥራ ጋር እንዲያያዝ ከመከሩ በኋላ፣ ዩኔስኮ በ11 አገሮች የሙከራ መርሐ ግብር አካሄደ። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ሥራ ተኮር የመሠረተ ትምህርት ፕሮጀክት ከሠራባቸው ቦታዎች መካከልም ቡና አብቃይዋ አጋሮ ትገኛለች። ገበሬው ፊደል እየለየ የተሻለ የቡና አያያዝ እንዲማር ታስቦ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አጠቃላይ ግምገማ እንዳሳየው፣ በ11ዱ አገሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎልማሶች ትምህርቱን ሲጀምሩ፣ ማንበብና መጻፍ የቻሉት ግን 120,000 ያህል ነበሩ። ግምገማው ትምህርቱ ምርት በማሳደግ ላይ ብቻ ማተኮሩንና የቀረውን የተማሪውን ኑሮ መዘንጋቱን ነቅፏል። በእኛ አገር የቋንቋም ጉዳይ ነበረ። በዚያን ዘመን ማስተማሪያው አማርኛ ብቻ ስለነበር፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ገበሬ ፊደሉን፣ ቋንቋውንና አዲሱን የእርሻ ዘዴ በአንድ ጊዜ መሸከም ነበረበት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በሂደት 15 ቋንቋዎችን ተጠቅሟል።

በዚያው መርሐ ግብር ውስጥ የነበረችው ታንዛኒያ በምዋንዛ አካባቢ የተከተለችው መንገድ ጠቃሚ ነው። ለጥጥ አምራቹ፣ ለዓሣ አጥማጁና ለሙዝ ተካዩ የተለያየ መማሪያ መጽሐፍ ሕዝቡ በሚግባባበት በስዋሂሊ ተዘጋጀ። ትምህርቱን የጨረሱት እንዳይረሱትም የገጠር ጋዜጣና ቤተ መጻሕፍት ተከተለ።

ዕቅዱ ከምን ይጀምር?

ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ወረቀት ይሰብሰብ። ኮሚቴው የአጥቢያውን ሰዎች እየጠየቀ በእጃቸው የሚገባውን ሁሉ ያሰባስብ፦ የሚዛን ደረሰኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባልነት ደብተር፣ የእድርና የእቁብ መዝገብ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የልጆች የፈተና ካርድ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ንባብ ከእነዚህ ይወጣል። ተማሪው በመጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎም «ኪሎ»፣ «ቀን» እና «ፊርማ» የሚሉትን ቃላት ደረሰኙ ላይ ለይቶ ማንበብ ይማራል።

ሒሳቡም ከዚያው ይውጣ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ እንግዲህ 51 ኪሎ ያስመዘነ ሰው 3 ፈረሱላ ማስመዘኑን ራሱ ማስላት አለበት። አንድ ኪሎ የታጠበ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ ሲያውቅ ደግሞ፣ እሸቱን ወዲያው ከመሸጥና አድርቆ ከማቆየት የትኛው እንደሚያዋጣው ማመዛዘን ይጀምራል። ሙያው ወደ ፊደሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ በስሱ መዘርጋት፣ በየጊዜው መገላበጥ፣ ከዝናብና ከሌሊት ጤዛ መሸፈን፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ የአልጋውን ቁጥር፣ ቀኑንና የተገላበጠበትን ሰዓት በሠንጠረዥ ሲመዘግቡ የጽሕፈት ልምምዱም የሙያ ሥልጠናውም በአንድ ደብተር ይፈጸማሉ። በከተማ አጥቢያዎች የበርጩማ ሥራ ወይም የጉልት ንግድ የቡናውን ቦታ ይይዛል፤ ልኬቱ፣ የእንጨቱ ዋጋና የትርፉ ሒሳብ የትምህርቱ ይዘት ይሆናሉ።

ቋንቋው የተማሪው ይሁን። በገጠሩ አጥቢያ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በከተማ ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ይሆናል። በአንድ ክፍል ሁለት ቋንቋ ከመቀላቀል ሁለት አነስተኛ ቡድን መክፈት ይሻላል።

ጊዜና አስተማሪ

ብዙ ክፍሎች የሚበተኑት ለቀማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ዋናው ትምህርት ከጥር እስከ ግንቦት ይሰጥ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ክፍሉ ይዘጋና አመቻቹ በሳምንት አንድ ቀን ሚዛኑ ዘንድ እየተገኘ ተማሪዎቹ ደረሰኛቸውን ሲያነቡ ያግዝ። ሞፈርና ቀንበር የማይነሣባቸው ወርኃዊ በዓላት አጥቢያው አስቀድሞ ያሉት የመማሪያ ቀናት ናቸው። በጅማ አካባቢ ግን አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም መሆኑን ማሰብ ይገባል። ትምህርቱ ለሁሉም ነዋሪ ክፍት ከሆነ፣ የዓርብ ሶላትና የረመዳን ወር በሰዓት አመዳደቡ መታሰብ አለባቸው፤ ቦታውም ማንም ሳይሳቀቅ የሚመጣበት የቀበሌ አዳራሽ ወይም የእድር ቤት ቢሆን ይመረጣል። እናቶች ልጅ የሚያስቀምጡበት ጥግ ካልተዘጋጀላቸው መቅረታቸው አይቀርም።

ማስተማሩን አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። ፊደሉን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ወይም ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሙያውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የታወቀ አናጢ ቢይዝ መልካም ነው። ሆኖም ሁለቱ በየሳምንቱ ተገናኝተው የሚቀጥለውን ትምህርት አብረው ካላቀዱ ፊደልና ሙያ ተመልሰው ይለያያሉ። ለአመቻቹ መጠነኛም ቢሆን የተቆረጠ አበል መመደብ ይገባል፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ሁለት ዓመት መዝለቅ ከባድ ነው።

መንግሥት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያካሄደው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በሁለት ዓመት የሚጠናቀቅ ሆኖ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 60 ለሆኑት የታሰበ ነው። ኮሚቴው ክፍሉን ሳይከፍት ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ መማሪያ መጽሐፍና የአመቻች ሥልጠና ስለሚገኝበት መንገድ መነጋገር ይችላል። ሙያ የተማሩትም ብቃታቸውን በምዘና ማዕከል ሊያስመዝኑ ይችላሉ።

መመዘኛችን ምን ይሁን?

በየሪፖርቱ የተመዘገቡት ቁጥር ይጻፋል፤ ይህ ግን የአጋሮውን ዘመን ስሕተት ይደግማል። ኮሚቴዎች በጥር አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ እናሳስባለን፦ ባለፈው ለቀማ ስንቶቹ ተማሪዎች ደረሰኛቸውን ራሳቸው አነበቡ፣ ስንቶቹስ ስሕተት አግኝተው አሳረሙ? መልሱ ጥቂት ቢሆንም እውነተኛው ይጻፍ። አዲስ ለመጀመር የምታስቡ አጥቢያዎችም በዚህ ሩብ ዓመት ዐሥር ጎልማሶችን አነጋግሩ፤ በእጃቸው ያለውን ወረቀት ተመልከቱ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚያ አውጡ።