ለደረቅ ቆዳ የሚስማማ ፋውንዴሽን፦ ወዙ የሚጀምረው ከቆዳው ነው

በሰሜን ምዕራብ ቶሮንቶ በምትገኘው ሬክስዴል የብርድ ወራት ሲገባ፣ ጠዋት በጠይም ፊት ላይ አምሮ የነበረው ፋውንዴሽን ከሰዓት በኋላ ይሰነጣጠቃል፤ አመድ የተነሰነሰበትም ይመስላል። ብዙዎች ቀለሙን ይወቅሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ለመሸፈን ደራርበው ይቀባሉ። መደራረቡ ግን ችግሩን ያብሰዋል፤ ምክንያቱም መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የአየሩ ድርቀት ነው።

ቀዝቃዛ አየር ብዙ የውሃ ተን መሸከም አይችልም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ተን 2 ግራም ተኩል አይሞላም። ያው አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ 21 ዲግሪ ሲደርስ ግን 18 ግራም ያህል የመያዝ አቅም ያገኛል። በመሆኑም አንጻራዊ እርጥበቱ በእጅጉ ያሽቆለቁላል። እንዲህ ያለ ደረቅ አየር ከቆዳም ጭምር ውሃ ይስባል።

የቆዳ የላይኛው ንጣፍ እጅግ ስስ ነው። የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረው፣ ሴራማይድን የመሳሰሉ ቅባቶች እንደ ጭቃ ያያይዟቸዋል። ንጣፉ ውሃ ሲያንሰው ጠርዙ እየተነሳ ይቀረፋል፤ በቅርፊቶቹ መካከል አየር ይገባል፤ ብርሃንም በየአቅጣጫው ይበታተናል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ አመድማ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ቅባት ክፍተቱን ሲሞላው ገጹ ይለሰልሳል፤ ወዙም ይመለሳል። እናቶች ልጆቻቸውን አጥበው ቫዝሊን ሲቀቧቸው የሚሆነው ይኸው ነው።

ወዝ የማያሳየው፣ ሽፋኑም ከባድ የሆነው ፋውንዴሽን ብዙ ቀለምና እንደ ሲሊካ ያለ ቅባት መጣጭ ዱቄት ይይዛል። ዱቄቱ በቅርፊቶቹ ላይ እየተጠራቀመ ድርቀቱን ያጎላዋል። ስስና ወዛም የሚባለው ዓይነት ግን ቀለሙ አነስተኛ ነው፤ ግሊሰሪንና ስኳሌን የመሳሰሉ እርጥበት ጠባቂዎች፣ እንዲሁም ብርሃን የሚያንጸባርቁ የማይካ ቅንጣቶች ይጨመሩበታል። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ትልልቆቹ የቆዳውን ሻካራነት ያሳያሉ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ቀለም ሲበዛም ጥቁር ቆዳን ግራጫ ያስመስለዋል።

በካናዳ የመዋቢያ ምርቶች ይዘት በመጠኑ ቅደም ተከተል በመለያው ላይ ይጻፋል፤ 1 በመቶና ከዚያ በታች የሆኑት እንዲሁም ማቅለሚያዎች ግን ቅደም ተከተሉን ላይጠብቁ ይችላሉ። ለደረቅ ቆዳ ግሊሰሪን ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ መገኘቱ መልካም ምልክት ነው። «አልኮል ዲናት» የተባለው እዚያው ከተገኘ ግን ሊያደርቅ ይችላል። ሴቲል አልኮል ስሙ ቢያሳስትም የሚያለሰልስ ቅባት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ 40 የቀለም ደረጃዎችን ይዞ ገበያ ከገባ ወዲህ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ምርጫው ሰፍቷል። ቀለሙን በእጅ ጀርባ ሳይሆን በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ሞክሮ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ በመስኮት ብርሃን ማየት ይበጃል፤ የመደብር መብራት ያታልላል።

ሲቀቡም ፊትን በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ማለስለሻ ቅባት መቀባትና እስኪሰርግ መጠበቅ ይቀድማል። ከዚያ ጥቂት ፋውንዴሽን በረጠበ ስፖንጅ መታ መታ እያደረጉ ማዳረስ ይበቃል። ድርቀቱ ማሳከክ፣ መቅላት ወይም መሰንጠቅ ካስከተለ ግን የቆዳ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ በፋውንዴሽን ከመሸፈን ይልቅ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።