የአልጋ መግዣው ገንዘብ ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ ሄደ

አንባቢ ሆይ፤ በወር ደመወዝ የምትተዳደሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁ፥ ወይም ለመጋባት አስባችሁ ገና ሣንቲም በማጠራቀም ላይ ያላችሁ ተማሪዎች ከሆናችሁ፥ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። መኪና ያለው ሰው ቢያነበው አንከለክለውም፤ ግን ብዙ አይጠቅመውም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ነው። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ ይዛው መጣችና ግድግዳችን ላይ ሰቀለችው። ሥዕሉ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነበር፤ ቤቶቹ በኮረብታ ላይ ተደርድረዋል፥ ከታች ባሕሩ ይታያል፥ አቀበቱንም እነዚያ ከአውሮፓውያኑ 1873 ዓ.ም. ጀምሮ በገመድ የሚጎተቱት ትንንሽ ባቡሮች ይወጡታል። «እዚህ መቼ ትወስደኛለህ?» አለችኝ። እኔም እርሳስ አንሥቼ አሰላሁ። የሁለታችንን ደመወዝ ደምረን ዓመቱን ሙሉ ሳንበላ ብንቀመጥ እንኳ ለአውሮፕላኑ ቲኬት አይበቃም።

በዚያን ጊዜ የነበረን ገንዘብ አንድ ብቻ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ፍራሻችንን መሬት ላይ አንጥፈን ስለምንተኛ ለአልጋ መግዣ የሦስት ወር ቁጠባ አስቀምጠናል። ባለቤቴ ሥዕሉንና ፍራሹን ተራ በተራ አየችና፥ «አልጋው የትም አይሄድብንም፤ እኛ ግን እንሂድ» አለች። ባሕር ባይገኝም ተራራና ውኃ ያለበት፥ በአውቶቡስ የሚደረስበት አገር ይበቃኛል ማለቷ ነው። በዚህ ዓይነት የአልጋው ገንዘብ ወደ ጉራጌ አገር ተጓዘ።

ገንዘቡን እንዴት እንደ ከፋፈልነው ልንገራችሁ፤ ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነውና። አምስት ፖስታ ገዛን። አንዱ ለመሳፈሪያ፥ አንዱ ለማደሪያ፥ አንዱ ለምግብ፥ አንዱ ለመግቢያና ለአስጐብኚ። አምስተኛው ፖስታ ላይ «መመለሻ» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩበትና አሸግሁት። የሰማይ ስባሪ ቢመጣ ይህ ፖስታ አይከፈትም ብዬም በባለቤቴ ፊት ማልሁ። ይህን መሐላ አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ዓለም ገና ላይ ከጅማው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። በመስኮት በኩል መቀመጥን አትርሱ። አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬን ታልፋላችሁ። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውኃ ባለሙያ ሲሆን ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1963 ነው። በ2024 ደግሞ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛ ገንዘባችን ስለማይፈቅድ አልወረድንም፤ እናንተ ግማሽ ቀን ካላችሁ ውረዱ።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር ማወቅ ይገባችኋል። በ1950ዎቹ ዓመታት ውስጥ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ልጆች ከንግዳቸውና ከጉልበት ሥራቸው ካገኙት እያዋጡ ለአገራቸው መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። በዚያው ዘመን ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያልፈውንም መንገድ ለማሠራት እንዲሁ ማኅበር ተቋቁሟል። እንግዲህ አውቶቡሱ ሲያንገጫግጫችሁ ከማጉረምረማችሁ በፊት ምናልባት አንድ ጫማ ጠራጊ ለዚህ መንገድ ጥቂት ሣንቲም ሰጥቶ እንደ ነበር አስቡ። ባለቤቴ ይህን ብነግራት፥ «ታዲያ እኛ የአንድ አልጋ ዋጋ ብንሰጥ ምን ይገርማል!» አለችኝ።

ጥያ ላይ ውረዱ። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ የድንጋዮቹም ቦታ ከመንደሩ በእግር የሚደረስ ነው። ትክሎቹ 36 ሲሆኑ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። እኩሌቶቹ ላይ ሰይፍ በሰይፍ ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ሌሎቹ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ የእንሰት ቅጠል የሚመስል ቅርጽ ያለባቸውም አሉ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአውሮፓውያኑ 1980 ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ነገር ግን በሮዤ ዡሶም የተመራው የፈረንሳውያን ቁፋሮ እንዳሳየው ከሥራቸው ያሉት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ ያሉ ናቸው፤ ማለት ከኢማም አሕመድ ዘመን አስቀድሞ የነበሩ ናቸው።

አስጐብኚያችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰይፎቹ ሟቹ በጦርነት የጣላቸውን ሰዎች ቍጥር ያመለክታሉ የሚል ወግ እንዳለ ነገሩን። ቀጥለውም ወደ እኛ መለስ ብለው፥ «ልጆቼ፥ እዚህ የተቀበሩት አብዛኞቹ እንደናንተ ወጣቶች ናቸው፤ እጅና እግራቸውን ሰብስበው በእናታቸው ማኅፀን እንዳለ ሕፃን ተኮራምተው ነው የተገኙት» አሉን። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። ከአንዱ ድንጋይ ሥር ቆማ ሰይፎቹን በጣቷ ሳትነካ ትቈጥር ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ምክንያቱም ከቀትር በኋላ ወደ ቡታጅራ የሚያልፉት መኪኖች ሞልተው ነው የሚመጡት። እናንተም ወደ ጥያ በጠዋት ድረሱ፤ አለዚያ እንደ እኛ በመንገድ ዳር ቆማችሁ አቧራ ትበላላችሁ።

ቡታጅራ የደረስነው ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ ነበር። ከተማይቱ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ፥ ፊቷን ወደ ስምጥ ሸለቆው አዙራ የተቀመጠች ናት። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ግን ስሟ የታወቀው በሌላ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያን 1980ዎቹ ውስጥ የጀመሩት የገጠር ጤና ጥናት የተካሄደው እዚሁ ወረዳ ነውና፥ የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ቡታጅራን ሳታዩ በፊት በመጻሕፍት ሳታገኟት አትቀሩም።

ማደሪያ ስትፈልጉ መጀመሪያ ያያችሁትን ቤት አትያዙ። እኛ ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ገባ ብለን ንጹሕ ክፍል በርካሽ አገኘን። ባለቤቲቱ፥ «አልጋ ነው የምትፈልጉት?» ብላ ብትጠይቀን ሁለታችንም ሳቅን። ሴትዮዋ ምን እንደሚያስቀን አላወቀችም።

በማግሥቱ ለባሕር የመጣችውን ሴት ወደ ባሕሯ ወሰድኋት። ከቡታጅራ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ በስልጤ ምድር ሀረ ሸይጣን የተባለውን ሐይቅ ታገኛላችሁ፤ የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። ከመንገዱ ላይ ቆማችሁ ምንም አታዩም። ወደ አፋፉ ወጣ ስትሉ ግን መሬቱ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ይጐድላል፤ ከታች በእሳተ ገሞራ በተቦረቦረው ጕድጓድ ውስጥ አረንጓዴ ውኃ ተኝቷል። ልጆች ከበቡንና ድንጋይ ሰጡን። ማንም ወርውሮ ውኃውን አይነካም ይላሉ። እኔ የጐበዝ ወጉ ነውና ሦስት ጊዜ ወረወርሁ፤ ሦስቱም የት እንደ ገቡ አላየሁም። የኔ አስተያየት ሰይጣኑ የለበትም የሚል ነው፤ ውኃው ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ሥፍራ ላይ ስለሚገኝና አፋፉም ስለሚጋርደው ዓይን ይሳሳታል። ባለቤቴ ግን፥ «ክንድህን አትሸፋፍን» አለችኝ።

እዚያው ላይ ተጣላን። እርሷ አፋፉን በሙሉ ልዙር አለች፤ እኔ ደግሞ የያዝነው ባጃጅ በቆመ ቍጥር ዋጋ ይጨምራል አልሁ። ክርክሩ ስለ ባጃጁ ይመስል ነበር፤ በእውነቱ ግን ስለ አልጋው ነበር። እርሷም ይህን ስለ ተረዳች፥ «ጸጸት ይዘህ ከምትዞር እዚያው አዲስ አበባ መቅረት ነበረብህ» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፤ ባጃጁን ከፍዬ አሰናበትሁትና አፋፉን በእግራችን ዞርን፤ ስንመለስም ከገበያ በምትመለስ ጋሪ ላይ ተሳፈርን። ጋሪዋ የማረቆ በርበሬ ጭና ስለ ነበር እስከ ቡታጅራ ድረስ ስናነጥስ ሄድን። ከመላው ጉዞ ደስ ያለኝ ያ ሰዓት ነው።

በምዕራብ በኩል ቀና ስትሉ የምታዩት ታላቁ ተራራ ዘቢዳር ነው። ባትወጡትም ይህን ዕወቁ፤ በዚያ ሰንሰለት ላይ የሚዘንበው ዝናም በሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ግን በዋቤ በኩል ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ተጉዞ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ቡታጅራ በአንደኛው ውኃ፥ ወልቂጤ በሁለተኛው ውኃ በኩል ናቸው። ስለዚህ ነው ሁለቱ ከተሞች የአንድ ሕዝብ ሆነው ሳለ መልካቸው የማይመሳሰለው፤ ቡታጅራ ደረቅና ነፋሻ ስትሆን የወልቂጤ አካባቢ በእንሰት የተሸፈነ ነው።

እኛ ወደ ወልቂጤ የሄድነው ወደ ኋላ ተመልሰን በጅማው መንገድ፥ በወሊሶ በኩል ነው። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ጠይቁ። በመስቀል ሰሞን ደግሞ በጭራሽ አትሞክሩት፤ በአዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ መኪናም አልጋም አይገኝም።

ስለ ወልቂጤ ከተማ ብዙ አልልም። የመተላለፊያ ከተማ ናት፤ ጫጫታ አላት፥ አቧራም አላት። ነገር ግን ጉብርዬን አልፋችሁ ወደ እምድብር አቅጣጫ ስትሄዱ ጀፎረን ታያላችሁ። ጀፎረ የመንደር መንገድ ነው ቢሏችሁ አትመኑ። ለምለም ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በግራና በቀኝ ታላላቅ ጎጆ ቤቶች ፊታቸውን ወደ እርሱ አድርገው ይሰለፋሉ፥ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ ይቆማል። ከብት የሚሰማራው፥ ልጅ የሚጫወተው፥ ለቅሶና ሠርግ የሚደረገው በዚያ ላይ ነው። ከተሜ መሐንዲሶች ገና አሁን «የእግረኛ መንገድ፥ አረንጓዴ ሥፍራ» እያሉ የሚለፉበትን ነገር እነዚህ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈውና በ1964 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝኛ የታተመው «የሽነጋ መንደር» የዚሁ አገር ኑሮ ነው።

አንዲት እናት ግቢያቸው አስገብተው እንሰት ሲፋቅ አሳዩን። ሥራው የሴቶች ነው። ግንዱ ይፋቃል፥ የተፋቀው በጕድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፥ ከዚያ ቆጮ ይሆናል፤ ነጩ ቡላ ደግሞ ከፈሳሹ የሚጠል ነው። ባለቤቴ ልሞክር ብላ ብትቀመጥ እናትዬዋ ሳቁባትና፥ «ልጄ፥ ይህ የወረቀት ሥራ አይደለም» አሏት። የቃቄ ውርድወትን ታሪክም ያነሡልን እርሳቸው ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ፥ ሴት የምትወደውን እንድታገባና የማትፈልገውን ባል እንድትፈታ የጠየቀች ሴት ናት፤ ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር ቤት በመድረክ ታይቷል። ይህን ሲናገሩ እኔን ለምን ትክ ብለው እንዳዩኝ አልገባኝም።

አሁን ወደ አምስተኛው ፖስታ እንመለስ። በመጨረሻው ማታ ወልቂጤ ላይ ጉራጌ አገር መጥቼ ክትፎ ሳልበላ አልመለስም አልሁ። ዋጋውን ሳልጠይቅ አዘዝሁ። ክትፎው በጣባ፥ ከአይቡና ከጐመኑ ጋር፥ ቆጮውም ተቈራርሶ መጣ፤ ቅቤው ይሸታል፥ ነገሩ ሁሉ የሠርግ ነበር። ሒሳቡ ሲመጣ ግን የምግቡ ፖስታ አልበቃም፤ የማደሪያውም ተጨምሮ አልበቃም። ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብዬ በቀይ የተጻፈበትን ቀደድሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ለባለቤቴ ተናዘዝሁ። አልተቈጣችም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና በትንሹ የተጠቀለለ ብር አወጣች፤ የሁለት ሰው መሳፈሪያ ልክ ነበር። አዲስ አበባ ሳንነሣ የቋጠረችው ነው። «ፖስታው ላይ ስትምል አየሁህ፤ ያን ጊዜ ነው የቋጠርሁት» አለችኝ።

ቤታችን ስንደርስ በኪሳችን የቀረው የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነበር። ፍራሹ እንደ ነበረ መሬት ላይ ነው። ባለቤቴ ሳን ፍራንሲስኮን ከግድግዳው አላወረደችውም፤ ከጐኑ ግን በጥያ ድንጋይ ሥር የተነሣችውን ፎቶግራፍ ለጠፈችበት። በሚመጣው ወር ደመወዝ ስንቀበል እንደገና አምስት ፖስታ እንገዛለን፤ አምስተኛውን የምትይዘው እርሷ ናት።