የዳርዊን ረቂቅ በመሳቢያ ውስጥ

ቻርልስ ዳርዊን በጁላይ 1844 ለባለቤቱ ለኤማ የአደራ ደብዳቤ ጻፈ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድንገት ቢሞት፣ የሕያዋን ዝርያዎች እንዴት እንደሚለወጡ ያብራራበትን 230 ገጽ ገደማ ረቂቅ በ400 ፓውንድ እንድታሳትምለት ይጠይቃታል። የፍሬ ነገሩ ትልቁ ክፍል ያኔውኑ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ሆኖም ሐሳቡ በመጽሐፍ መልክ ለአንባቢ የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ምን ያዘው? የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ገሚሶቹ ፍርሃት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሥራ በዝቶበት እንጂ ሆን ብሎ አልደበቀም ባይ ናቸው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ደራሲው ስሙን ያልገለጸ፣ ስለ ፍጥረት ለውጥ የሚያትት መጽሐፍ ለንደን ውስጥ ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ ተሻማበት፤ ሊቃውንቱ ግን በማስረጃው ድክመት አብጠለጠሉት። ዳርዊን ይህን አይቷል። ከ1846 ጀምሮም ስምንት ዓመት ሙሉ በባሕር ዐለትና በመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቁ ቅርፊታም እንስሳትን አንድ በአንድ ሲመረምር ኖረ። ይህ ጊዜ ባከነ ማለት ስሕተት ነው፤ ስለ ዝርያዎች ሲናገር የሚደመጥ ሊቅ ያደረገው ይኸው ሥራ ነውና።

በ1856 ወዳጁ ቻርልስ ላይል ሌላ ሰው ሳይቀድመው እንዲያሳትም ወተወተው። ዳርዊንም ትልቅ መጽሐፍ ጀመረ። መጽሐፉ እየሰፋ ሄደ፣ ማለቂያውም ራቀ። በጁን 1858 ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምትባለው አገር የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ ራስል ዋላስ የላከው ጽሑፍ ደረሰው፤ ያው ሐሳብ ነበር! በዚያው ወር ደግሞ የዳርዊን ሕፃን ልጅ ታሞ ሞተ። ላይልና ሌላው ወዳጁ ጆሴፍ ሁከር የሁለቱም ጽሑፎች ጁላይ 1 ቀን ሊኒያን በተባለው የለንደን የተፈጥሮ ሊቃውንት ማኅበር እንዲነበቡ አደረጉ። ዋላስ በሩቅ ስለነበር ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ዳርዊን ትልቁን መጽሐፍ ትቶ አጭሩን ለመጻፍ ተቀመጠ፤ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥም ጨረሰ። መጽሐፉን አጽሕሮት ሊለው ፈልጎ ነበር፤ አሳታሚው ጆን መሪ ግን ቃሉ ከርዕሱ እንዲወጣ አደረገ። ኖቬምበር 24 ቀን 1859 የወጡትን 1,250 ቅጂዎች መጽሐፍ ሻጮች ወዲያው ወሰዷቸው። ዳርዊን የጎደለውን እየሞላ፣ ለተቺዎቹም መልስ እየሰጠ እስከ 1872 ድረስ ስድስት ጊዜ አሳተመው። ብዙዎች የመጽሐፉ እምብርት የሚያደርጉት፣ ይበልጥ የተስማማው ይተርፋል የሚለው የፈላስፋው የኸርበርት ስፔንሰር አባባል እንኳ የገባው በ1869ኙ አምስተኛ እትም ነው።

ረቂቅ ይዞ የሚያመነታ ጸሐፊ ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት መቆየት ያገኛል። የመጀመሪያው፣ የቅርፊታም እንስሳቱ ጥናት፣ ማስረጃ ጨመረ፤ ሁለተኛው፣ የትልቁ መጽሐፍ ሥራ፣ ገጽ ብቻ ያበዛ ነበር። ያ ሳይጠናቀቅ የቀረው ትልቁ መጽሐፍ የታተመው በ1975 ነው፤ ዳርዊን ከሞተ 93 ዓመት አልፎት።