ስንዴ ዋግን የሚከላከልበት ኃይል በሲናና

በባሌ ደጋ በጎባና በሮቤ ዙሪያ፥ ይልቁንም በሲናና፥ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንደኛው ወቅት ገና፥ ሁለተኛው ቦና ይባላል። ይህ የዝናብ በረከት ስንዴን እንደሚያለመልም ሁሉ ለዋግም ይመቻል፤ አረንጓዴ ስንዴ ከማሳው ብዙ ጊዜ ስለማይጠፋ፥ በሽታው ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን መንገድ ያገኛልና።

ስንዴ ግን ያለ መከላከያ አልተፈጠረም። ማናቸውም ተክል በብርሃን ኃይል ምግቡን ሲያዘጋጅ፥ ከኦክሲጅን የሚወለዱና ሕዋሱን እንደ እሳት የሚጎዱ ነገሮች በውስጡ ይገኛሉ። በደህና ጊዜ ጥቂት ናቸው፤ ዝናብ ሲቋረጥ፥ ውርጭ ሲመታ ወይም በሽታ ሲገባ ይበዛሉ። ተክሉም ፀረ ኦክሳይድ የሚባሉትን ማብረጃዎች እንደ ጭንቀቱ መጠን ያዘጋጃል። ከነዚህ አንዱ ካታሌዝ የተባለው ሲሆን፥ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ወደ ውሃና ወደ ኦክሲጅን ይለውጠዋል፤ ቫይታሚን ሲም ከዚሁ ወገን ነው።

በዋግ ጊዜ ግን ነገሩ ልዩ ነው። ዋግ ከሕያው ሕዋስ በቀር ምግብ የለውም። ስለዚህ ብርቱ ስንዴ ጠላቱን ለይቶ ባወቀ ጊዜ፥ በገባበት ስፍራ እሳቱን ራሱ ያነደዋል፤ ጥቂት ሕዋሳት ይሞታሉ፥ ዋጉም ተርቦ ይቀራል። በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ደግሞ ማብረጃውን አብዝተው እሳቱ እንዳይስፋፋ ይከለክላሉ። እንግዲህ ድሉ ማብረጃን በማብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ጊዜውንና ስፍራውን በመጠበቅ ነው።

ጠላትን ለይቶ የማወቅ ኃይል በዘር የሚወረስ ነው፤ ዋግ ግን ጠባዩን ይለውጣል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ በተነሣ ጊዜ ኩብሳና ገለማ የተባሉት ዝርያዎች ብዙ ተጎዱ። ዲገሉ ግን ቢጫውን ዋግ ስለ ተቋቋመ በብዙ ስፍራ ተዘራ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ባሌ ውስጥ ይህንኑ ዲገሉን መታው። ዲገሉ እሳቱንና ማብረጃውን አጥቶ አልነበረም፤ አዲሱን ጠላት ለይቶ አላወቀውም እንጂ።

ስለዚህ ሹማምንት አንድ ወረዳ በአንድ ዝርያ ብቻ እንዳይሸፈን መትጋት ይገባቸዋል። በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሰጠውን ምክር ይከተሉ፤ በገናም በቦናም ማሳው በየጊዜው እንዲጎበኝ ያድርጉ፤ ዋግ በታየ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይዘገይ እንዲረጭ ያዝዙ። የስንዴው ቅጠል ያላወቀውን ጠላት የሰው ዓይን ፈጥኖ ሊያየው ይገባልና።