የኅዳር በሽታና የአስታማሚዎች ዝግጅት

በ1911 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር፣ ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለሙን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ መቅሠፍት አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከአራዳ ገበያና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር አካባቢ እስከ መኳንንቱ ግቢ ድረስ ባለጠጋና ድኃ ሳይለይ ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ነበር። በከተማይቱ የሞተው ሕዝብ እስከ 10,000 ይገመታል። ዘመኑን ያዩ ሰዎች ከተረኩት ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ግን፣ በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ አብረው ሲወድቁ፣ ትኩሳት ያቃጠለውን ሕመምተኛ ቀና አድርጎ ውኃ የሚያጠጣ፣ አጥሚት የሚያቀምስ፣ ሲሞትም ገንዞ በሥርዓተ ፍትሐት የሚቀብር በመጥፋቱ፣ ሊተርፍ ይችል የነበረው ጭምር ማለፉ ነው።

ቫይረሱ ገና ባልታወቀበት በዚያ ዘመን ፈዋሽ መድኃኒት በየትም አገር ስላልነበረ፣ የሕሙማን ተስፋ አስታማሚ ብቻ ነበረ፤ በአገራችን ግን ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የነርሶች ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በለንደን ነርስነት ተምረው ለሙያው ክብር ከሰጡት በኋላ፣ ከጣሊያን ወረራ ማግስት ጀምሮ፣ ዛሬ የካቲት 12 በሚባለው ሆስፒታል ሳይቀር ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ።

ሰኔ 2001 ዓ.ም. ያን ጊዜ አዲስ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮቪድ በአዲስ አበባ ሲገኙ፣ ላቦራቶሪም፣ የበሽታ ቅኝትም፣ በኮቪድ ጊዜ ደግሞ 8335 የሚባል የስልክ መስመርም ነበረን፤ ይህ ከ1911 ጋር ሲነጻጸር ታላቅ ጸጋ ነው። የሆነ ሆኖ የዝግጅት ልኩ የሚታየው በሆስፒታሉ በር ላይ ነው፦ የሚያስለውን ከሌላው ተራ ለይታ የምታስቀምጥ፣ ጭምብሏን ፊቷ ላይ በልኩ የምታጠብቅ፣ ጓንቷን ስታወልቅ የውጪውን ገጽ በባዶ እጇ የማትነካ፣ የኦክስጅኑን መጠን በየሰዓቱ የምትመዘግብ ነርስ አለችን? ይህ ሁሉ በሽታው ሲመጣ የሚማሩት ሳይሆን፣ በደኅና ቀን ደጋግመው የሚለማመዱት ነው።

ኅዳር 12 ቀን በፒያሳ መንደሮች ጥራጊ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ያ የ1911 መቅሠፍት በሕዝቡ ልብ መኖሩን አይቼ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ጢሱ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አይከላከልም፣ የአስም ሕመምተኛንም ያስጨንቃል። ጠረጋው ይቀጥል፣ ማቃጠሉ ይቅር እላለሁ። በዚያው ዕለት እያንዳንዱ ሆስፒታል የጭምብልና የኦክስጅን ክምችቱን ቢቆጥር፣ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗም ነርስ ስትታመም ማን እንደሚተካት፣ ልጆቿንስ ማን እንደሚጠብቅላት በስም ጽፋ ብታስቀምጥ፣ በ1911 የጎደለው አስታማሚ በሚቀጥለው ወረርሽኝ አይጎድልም።