“እንደ ውኃ ይጠጣዋል” የምንለው ልጅ ማንበብ ባይችልስ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለ? ታናሽ ወንድም፣ ታናሽ እህት፣ የአክስት ልጅ... ብቻ አንድ አይጠፋም። ደብተሩን ገልጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጽሑፉ ቆንጆ፣ የቲቸር ቀይ “ራይት” በየገጹ፣ ከታች ፊርማ። “ጎበዝ!” ትሉና ወደ ስልካችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምላችሁ፣ ያ ሁሉ ራይት ልጁ ማንበብ ይችላል ማለት ላይሆን ይችላል ነው።

ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ሐዋሳ የማውቃትን አንዲት ወጣት ታሪክ ልንገራችሁ። ዕድሜዋ 23 ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟን ከገጠር አምጥታ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ አብራው እየኖረች ታስተምረዋለች። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከሥራ ስትመለስ የአማርኛ መጽሐፉን ያወጣና ያነብላታል። ምን ያነባል፣ ይወርደዋል እንጂ! እሷም ድካሟ ይለቃታል። ለጎረቤቱ ሁሉ “የኔ ወንድም ዶክተር ነው የሚሆነው” እያለች ታወራለች።

አንድ ቀን ማታ ታዲያ መጽሐፉን ሲገልጥ ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠ። ልጁ ምንም አልመሰለውም። ዓይኑን ገጹ ላይ ተክሎ ማንበቡን ቀጠለ... የሚለው ግን ያልተገለጠውን ገጽ ነበር! ፊቱ ያለው ምንባብ ስለ ንብ ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ስለ ገበሬ ነው።

“ቆይ፣ ይቺ ቃል ምን ትላለች?” አለችው፣ ጣቷን መሃል መስመር ላይ አድርጋ።

ዝም።

“ይቺስ?”

“እህቴ፣ ከላይ ልጀምር?” አላት።

አያችሁልኝ? ከላይ ካልጀመረ አያውቀውም። መጽሐፉን የተማረው በጆሮው ነው። ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። “ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የምደክመው ለሱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያታልለኝ ነበር እንዴ?” አለችኝ። እኔ ደግሞ “አላታለለሽም፤ ክፍል ውስጥ ያደርግ የነበረውን ነው ያደረገው” አልኳት።

ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

እስቲ የአንደኛ ደረጃ የቋንቋ ክፍለ ጊዜን አስታውሱ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ከዚያ “ከኔ በኋላ በሉ!” ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ቀጥሎ “ደብተር አውጡ፣ ጻፉ!” ይባላል። ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ መምህሩ እየዞረ ራይት ያደርጋል። ደወል ተደወለ፣ አለቀ።

እንግዲህ አስቡት። በጋራ ሲጮኽ የማይችለው ልጅ ከሚችለው ኋላ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ያስተጋባል፤ ማንም አይለየውም። ሲገለብጥም ፊደሉን እንደ ሥዕል ይስለዋል እንጂ ምን እንደሚል ላያውቅ ይችላል። ያነበበ ይመስላል፣ የጻፈ ይመስላል!

መምህሩ ላይ ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ። ለአንደኛ ደረጃ የተያዘው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አንዳንድ ደቂቃ ብቻ ያንብብ ቢባል 50 ደቂቃ ይፈልጋል። ሒሳቡ እምቢ ይላል።

የድሮ የኔታዎች ይህን ብልሃት ነቅተውበት ነበር ማለት ይቻላል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ “ሀ ሁ ሂ”ን በዜማ ከለየ በኋላ “አ ቡ ጊ ዳ” የሚባል ሌላ ገበታ ይጠብቀዋል። እዚያ የፊደሉ ተራ የተቀላቀለ ነው። በዜማ የያዘው ልጅ እዚያ ሲደርስ ይያዛል፤ በዓይኑ የለየው ያልፋል።

አንድ ከተማ፣ ሦስት ቋንቋ

የሐዋሳ ልጅ ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገ። በከተማችን ታዲያ አንዱ ልጅ በአማርኛ፣ ሌላው በሲዳሙ አፎ ይጀምራል። አማርኛው በፊደል ነው፤ መደበኛዎቹ ብቻ 33 በ7፣ 231 ይሆናሉ። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ነው። እንግሊዝኛም በላቲን ነው።

“ላቲን ከሆነ ሁለቱ ይረዳዱ የለ?” ትሉ ይሆናል። ይረዳዳሉም፣ ይጣላሉም። እንግሊዝኛ ክፍል “ኤክስ” የተባለችው ፊደል “ቦክስ” በሚለው ቃል መጨረሻ “ክስ” ናት፤ ሲዳሙ አፎ ላይ ግን “ጥ” ናት። “ሲ” የተባለችው እንግሊዝኛው “ካት” ላይ “ክ” ናት፤ ሲዳሙ አፎ ላይ “ጭ” ናት። የሰባት ዓመት ልጅ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ይህን ሁሉ ሊቀይር ነው። ያውም ማንም ቁጭ ብሎ ልዩነቱን ሳያስረዳው! ብዙ ቋንቋ መማሩ ሀብት ነው፤ ሳይነግሩት መተው ነው ጥፋቱ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በ2002 ዓ.ም በአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በአገራችን የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ለብቻቸው ተጠርተው በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዲያነቡ ተደረገ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ሐዋሳ ባለችበት በያኔው የሲዳማ ዞን፣ በሲዳሙ አፎ ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው ወደ 69ኙ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ አላነበቡም። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገር ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ሲዳሙ አፎ አንዱ ነበር። እሰየው ነው። መጽሐፍ መኖሩ ብቻውን ግን ልጁ ማንበቡን አያረጋግጥም።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ አገር ጉድ አለ። ሁላችንም ጣታችንን 12ኛ ክፍል ላይ ቀሰርን። እኔ 12ኛን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጥያቄውን ራሱን አንብቦ ለመረዳት የሚቸገር ልጅ ፊዚክሱንስ እንዴት ይሥራው?

አህያ መጽሐፍ የተሸከመችባት ከተማ

ሐዋሳችን በዚህ ጉዳይ የምትኮራበት ታሪክም አላት። የነገሌ ቦረናው አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው ነው። አሜሪካ ሄደው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። ኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጧቸዋል።

ለምን አነሳሁት? ልጅ የክፍል መጽሐፉን ብቻ ካነበበ ዞሮ ዞሮ በቃሉ ይይዘዋል። ያልለመደው ወረቀት ሲያገኝ ነው እውነተኛው ንባብ የሚጀምረው። ጋሪው ያን ነበር ያመጣለት።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ብር አይጠይቅም፣ አስጠኚ መቅጠርም አያስፈልግም። ማታ 15 ደቂቃ ካላችሁ ይበቃል።

አንደኛ፣ ከመሃል አስጀምሩት። ከታች ወደ ላይ፣ ከዚህም ከዚያም ቃል እየጠቆማችሁ ጠይቁት። ትርጉም የሌላቸው ቃላትም ፈጥራችሁ ጻፉለት፤ “ቡሜጋ”፣ “ሊታዶ”፣ “ሸፉኒ”። እነዚህን ማንም በቃሉ አጥንቶ አያውቅም። ካነበባቸው ፊደል ለይቷል ማለት ነው። ካቃተው የትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ ታያላችሁ፤ ከዚያች ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ማስገልበጡን ትታችሁ የቃል ጽሕፈት ስጡት። እናንተ ትናገራላችሁ፣ እሱ ሰምቶ ይጽፋል። አምስት ቃል ይበቃል። ሱቅ ስትልኩትም ዝርዝሩን እሱ ይጻፈው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት። “ሳሙና”ን በ“ሠ” ቢጽፈው አትቆጡት፤ ሞክሼ ፊደላት ቀስ ብለው ይደርሳሉ። ዋናው ድምፁን መስማቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተማዋን አስነብቡት። ባጃጅ ውስጥ ስትሄዱ፣ ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸሩ የመንገዱ ማስታወቂያ ሁሉ መጽሐፍ ነው። ያውም በሦስት ቋንቋ! “ይቺ ፊደል በሲዳሙ አፎ ምን ትላለች? በእንግሊዝኛስ?” በሉት፤ እንደ ጨዋታ ይወደዋል።

አራተኛ፣ “ደደብ” የሚለውን ቃል ከቤት አስወጡት። አለማወቁን ሲደብቅ የኖረ ልጅ አንድ ጊዜ ከተሰደበ ይበልጥ ይደብቃል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሲገለብጥ የሚሳሳት ከሆነም ዓይኑን አስመርምሩት፤ ስንት ልጅ ነው ሰሌዳው ሳይታየው “ሰነፍ” የተባለው!

አምስተኛ፣ መምህሩን አነጋግሩ። ለጥል ሳይሆን ለምክር። “ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡልኝ፣ በሳምንት አንዴ ለብቻው ያስነብቡልኝ” ብትሉ እሺ የማይል መምህር ጥቂት ነው።

ያቺ ወጣት የኔን ምክር ሰምታ በማግስቱ በ“ሀ” ጀመረች። ወንድሟ አሁን ቀስ እያለ፣ እየተንተባተበ ያነባል። እንደ ድሮው አይወርደውም። እሷ ግን “ያሁኑ መንተባተብ ይሻለኛል፤ የራሱ ነው” ትላለች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ዛሬ ማታ አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡት። መጽሐፉን ሳይሆን፣ ይህችኑ ጋዜጣ አንሡና መሃል ገጽ ላይ ጣታችሁን አድርጉ። “ይቺ ምን ትላለች?” በሉት። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ነገ ማታም ድገሙት።