ከዱባይ የመጣ ሀብል ግብር የለበትም? የሚባለውና እውነታው

ጥር ሲገባ፣ ከፋሲካም በኋላ፣ መሳለሚያና መላው መርካቶ የሠርግ ገበያ ይሆናል። ለጥሎሽ ወርቅ የሚፈልግ ቤተሰብ ወይ እዚሁ ወርቅ ቤት ገብቶ ይገዛል፣ ወይ ዱባይ ለምትመላለስ ዘመድ ብሩን ሰጥቶ «ከዚያ ይምጣልን» ይላል። ሁለተኛውን የሚመርጡት ብዙ ጊዜ የሚተማመኑት በአንድ እምነት ነው፦ ሻጩ ውጭ አገር ከሆነ ግብሩም እዚያው ይቀራል የሚል። እምነቱ ስሕተት ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ሀብታሞች ሳይሆኑ፣ ለዓመታት በዕቁብ ያጠራቀሙትን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሲጠየቁ የሚደነግጡ ቤተሰቦች ናቸው።

«ዱባይ ላይ ቫት ከፍዬበታለሁ፤ ሁለት ጊዜ አልከፍልም።» ይህን የሚል ሰው ደረሰኙን እያሳየ ስለሚናገር ክርክሩ እውነት ይመስላል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን በመሠረቱ የሚከፈለው ዕቃው ጥቅም ላይ በሚውልበት አገር ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ቫት ታስከፍላለች፤ ያንኑ ዕቃ ይዞ ለሚወጣ ጎብኚ ደግሞ አብዛኛውን ትመልሳለች። በተመላሽ ሥርዓቱ ከታቀፈ ሱቅ የ10,000 ድርሃም ጌጥ የገዛ መንገደኛ 500 ድርሃም ቫት ይከፍላል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ካመለከተ 85 በመቶው፣ ማለትም 425 ድርሃም፣ የ4.80 ድርሃም የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ይመለስለታል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ የራሳቸውን ገንዘብ ትተው ይመጣሉ። የሚያሳዝነው ይህኛው ነው። ኤምሬቶች የምትመልሰውም ጌጡ ሌላ አገር ገብቶ እዚያ ግብር እንደሚከፈልበት ስለምታስብ ነው፤ የዱባዩ ደረሰኝ ቦሌ ላይ የዕቃውን ዋጋ ያስረዳል እንጂ ከግብር ነፃ አያደርግም።

ቦሌ ላይ ያለው ስሌት ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው 15 በመቶ ብቻ አይደለም። ግብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚሰሉት። ለማሳያ ያህል፣ መድረሻ ዋጋው 100,000 ብር በሆነ ጌጥ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ቢታሰብ 135,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶው ቫት የሚሰላው ከ100,000 ሳይሆን ከ135,000 ነው፤ ይህም 20,250 ብር ነው። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ እሱም ቫቱ ከመሰላቱ በፊት ይገባል። በቀድሞው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 የወርቅና የብር ጌጣጌጥ 20 በመቶ ኤክሳይዝ ነበረበት።

«አንገቴ ላይ ካደረግሁት ማን ይጠይቀኛል?» መንገደኛ ለራሱ የሚገለገልበትን ዕቃ በመመሪያ በተወሰነው መጠን ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል። መብቱ ግን የመንገደኛው የግል መገልገያ ነው። የጎረቤትን፣ የሙሽራዋን፣ በቴሌግራም ያዘዙ ደንበኞችን ሀብል አንገት ላይ ደርድሮ መምጣት የግል መገልገያ አያደርገውም። ሳይገለጽ የተደበቀ ዕቃ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ሊወረስ ይችላል፤ ያኔ ወርቁን የምታጣው ያዘዘችው ሙሽራ ስትሆን የምትጠየቀው ያመጣችው ናት። ዝምድናም የሚበላሸው እንዲህ ነው። እዚሁ የገዛችሁትን ጌጥ አድርጋችሁ ስትወጡ ደግሞ የአገር ውስጡን ደረሰኝ ያዙ፤ ስትመለሱ ያስፈልጋችኋል።

«ወርቅ ላይ ቫት የለም» የሚለው ደግሞ ከእውነት ቁራጭ የተወለደ ነው። ቫት በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 285/1994 ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርብ ወርቅ ዜሮ ምጣኔ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ያ ከሻኪሶና ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ወጥቶ ባንኩ የሚረከበው ወርቅ ነው። ከቫት ተመዝጋቢ ወርቅ ቤት የምትገዙት ቀለበት ሌላ ነገር ነው፤ 15 በመቶው አለበት፣ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የቀድሞውን አዋጅ ሲተካም ምጣኔው አልተለወጠም። ቫቱ የሚሰላውም በእጅ ዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን በወርቁም በእጅ ዋጋውም ድምር ላይ ነው። የራሳችሁን አሮጌ ወርቅ ሰጥታችሁ ስታሠሩ ግን የምትከፍሉት ለአገልግሎቱ ስለሆነ ቫቱም በእሱ ላይ ይሆናል።

ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር መግዛት ከግብር ያድናል ማለትም ከንቱ ነው፤ ቫት በፌዴራል አዋጅ የወጣ ስለሆነ ምጣኔው በሁሉም ክልል አንድ ነው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ሲዘጉ ወሬው ሁሉ ስለ ነጋዴውና ስለ ገቢዎች ነበር። ገዢውን ማንም አላነሣውም። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ» ለተባለችው ሴት ግን ያ ወረቀት የካራቱና የግራሙ ማስረጃ ነው። 21 ካራት ብላ የገዛችው 18 ሆኖ ቢገኝ በምን ትከራከራለች? ደረሰኙ ላይ ካራቱ፣ ግራሙና የእጅ ዋጋው ለየብቻ እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሳይመዘገብ «ቫት» ብሎ የሚጨምር ሻጭም ሕግ ይጥሳል፤ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

ተመሳሳዩ እምነት አሜሪካ ባሉ ወገኖቻችንም ዘንድ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው የሽያጭ ታክስ ወደሌለበት ደላዌር ነድቶ ሄዶ ቀለበት ይገዛና ዳንኩ ይላል። ሜሪላንድ ግን 6 በመቶ የመጠቀሚያ ታክስ አላት፤ ቀለበቱ ሜሪላንድ ውስጥ የሚደረግ ከሆነ ገዢው ራሱ አስታውቆ መክፈል አለበት። በሌላ ግዛት ካለ የኦንላይን ሻጭ መግዛትም እንደ ድሮው አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ሳውዝ ዳኮታ ግዛት የኦንላይን ሻጩን ዌይፌርን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ ግዛቶች በመሬታቸው ሱቅ የሌለውን ሻጭም ታክስ ሰብስብ ማለት እንደሚችሉ ወስኗል። ሜሪላንድ ሱቅ ገብተው ገዝተው በሻንጣ ለእናታቸው መሳለሚያ የሚያመጡ ደግሞ የሚያስቡበት ሌላ ነገር አለ፦ ሜሪላንድ እንደ ዱባይ ለመንገደኛ አትመልስም። 6 በመቶው እዚያ ቀርቶ፣ ስጦታው የእናታቸው እንጂ የእነሱ መገልገያ ስላልሆነ ቦሌ ላይም ቀረጥ ሊጠየቁበት ይችላሉ። ብሩን በባንክ ልኮ እናት ራሷ መርካቶ ወርቅ ቤት ገብታ እንድትመርጥ ማድረግ ግን አንድ ግብር፣ አንድ ደረሰኝ ብቻ ነው።